ባለቤቱ ያላሳደሰው ፊልም

ደንጋጣ ሰው መሆኔን ከአሁኑ ብነግራችሁ ይሻላል፤ ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት። ሰው ቤት ተጋብዤ በር ሲንኳኳ ከባለቤቶቹ ቀድሜ ብድግ የምለው እኔ ነኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ከተማሪዎቼ እኩል እበረግጋለሁ። ባለቤቴ ሂሩት፣ "አንተን ያገባሁህ አዝኜልህ ነው፤ ስትጠይቀኝ እንዲያ ስትንቀጠቀጥ እምቢ ብልህ ትወድቃለህ ብዬ ፈራሁ" ትላለች። እንግዲህ ከአሜሪካ ፊልም ባለቤቶች ጋር የተጋጠመው ይህ ሰው ነው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" ይባል የለ? እኔ ማንንም አልናቅኩም። አጥር መኖሩንም የሰማሁት ከነቀነቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው፤ ነፋስ ስልክ። ያኔ ወደ ላፍቶ ትንሽ ራመድ ካሉ ጤፍና ሽምብራ ይታይ ነበር። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው እኔ፣ ሂሩትና የሂሩት እናት እማማ አስካለ ነበርን። ጅዳ የምትሠራው የሂሩት እህት ለእናቷ ብላ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ላከች። ከዴኩ ጋር አንድ ካሴት ነበረ። አንድ ብቻ። ቤተሰቡ ሁሉ የህንድ ዘፈን ወይም ካራቴ ሲጠብቅ የወጣው ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ድሮ ሆሊውድ ውስጥ የተሠራ፣ ወንዶቹ ሁሉ ሳያጨሱ መናገር የማይችሉበት፣ ሴቶቹ ሁሉ ከእንቅልፋቸው ጸጉራቸው ተሠርቶ የሚነሱበት። አንዲት ባለ ሆቴል ሴት አለች። ሐኪም ነኝ ብሎ ሆቴሏ የሚያርፍ አንድ አታላይ አለ። ይዋደዳሉ። ዳኛ የሆነ ዘመዷ ሰውየውን ይጠረጥረዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱን እየጠራን እናሳይ ጀመር። ለመብራቱ የምትሆን ትንሽ መግቢያ ብንቀበልም ዋናው ነገር ጨዋታው ነበር። የመጀመሪያው እሑድ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ እንግሊዝኛ አያቅተኝም። ችግሩ አንዱን ዓረፍተ ነገር አሳምሬ እስክጨርስ ሰዎቹ አምስት ተናግረው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ይጠብቁኛል። ጎረቤቱ ማዛጋት ሲጀምር እማማ አስካለ፣ "አረፍ በል እስቲ ልጄ፤ ሰዎቹን አጣደፍካቸው" አሉና ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ።

እማማ አስካለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም። ይህ ምንም አላገዳቸውም። ሰው ፊቱን አይቶ የሚለውን ማወቅ አይከብድም ባይ ናቸው። በእርሳቸው አፍ ባለ ሆቴሏ ከወንድሞቿ ጋር በውርስ ተጣልታ የወጣች የጨዋ ልጅ ሆነች። ዳኛው የንስሐ አባቷ ሆነ። ሰውየውና ሴትየዋ የሚሳሳሙበት ቦታ ሲደርስ፣ ቤቱ ውስጥ ቄሶችም ስለሚገቡ፣ "ወንድሟ ነው፤ ከሩቅ አገር መጥቶ ነው" አሉ። መሳሳሙ እየበዛ ሲሄድ ይህ ትርጉም አስቸገራቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ "የአገሯ ልጅ ነው" ብለው አሻሻሉት። በሦስተኛው እሑድ ግን ገና ፊልሙ ሳይጀመር በቁርባን አጋቧቸውና ተገላገሉ። ታሪኩ ሁለት እሑድ አንድ ሆኖ ስለማያውቅ ሰው አንዱን ካሴት ለማየት እየተጋፋ ይመጣ ነበር። አስፋልት ዳር ያለው ቪዲዮ ቤት በየሳምንቱ አዲስ ካራቴ እያመጣ የእኛን ያህል ሰው አያገኝም።

እንዲህ ደስ ብሎን ስንኖር ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ይዘው መጡ።

ጋሽ ደምሴ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። በንጉሡ ዘመን የሚከራዩ ቤቶች ነበሯቸው፤ ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ከሚኖሩባት በቀር አንድም አልቀረላቸውም። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተማሩ እንግሊዝኛ አጥርተው ያነብባሉ፤ እስከዚያን ቀን ግን መነጽራቸውን ቤት እየተዉ ስለሚመጡ ፊልሙን የሚሰሙት በእማማ አስካለ በኩል ብቻ ነበር።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሰማያዊ ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይመጣል። ያ ጽሑፍ ለእኛ የመቀመጫ መፈለጊያ ጊዜ ነው። እኔም ራሴ ካሴቱን ካስገባሁ በኋላ ወንበር ሳቀባብል አንብቤው አላውቅም። እማማ አስካለ "ጤና ይስጥልን እያሉን ነው" ብለው ይተረጉሙትና ወደ ቁም ነገሩ ይገባሉ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አደረጉ። "ሰላምታ እንኳ አይደለም" አሉ ረጋ ብለው።

"ታዲያ ምንድን ነው?" አሉ እማማ አስካለ።

ጋሽ ደምሴ እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፃቸውን አስተካክለው ተረጎሙት። "ይህን ፊልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ያባዛ፣ ያከራየ፣ ወይም ለሕዝብ ያሳየ በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ነገሩን የአሜሪካ መርማሪ ፖሊስ ይከታተላል።" መነጽራቸውን አወለቁና ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ አንተ ለሕዝብ አሳይተሃል?"

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ሕዝብ መሆኑን ያወቀው ገና ያን ጊዜ ይመስለኛል። ከኋላ አግዳሚ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ተነሥተው ወጡ። እኔ ወንበር መስሎኝ ዴኩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዴኩም ስጫነው ካሴቱን ተፋው።

እማማ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄን ለሌባ ነው እንዴ የዳርኳት?" አሉ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ከዚያም ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። "የሰው ንብረት ከሆነ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አፌን አላስገባም። የማን እንደሆነ አጣራና ንገረኝ።"

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ደግሞ ሂሩት መጣችብኝ። ያን ሰሞን የዲቪ ሎተሪ አገሩን ሁሉ ይዞት ነበር፤ እኛም ጆሯችን እየታየ ፎቶ ተነሥተን ሞልተን ልከናል።

"አሁን ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ።

"ምን አደርጋለሁ? ማን ያየኛል ነፋስ ስልክ?"

"እዚያ ስንደርስ ኤርፖርት ላይ ነዋ የሚይዙህ።"

"ገና ዲቪው አልደረሰንም እኮ ሂሩት።"

"ቢደርሰንስ?"

ባልደረሰኝ ሎተሪ፣ ባልሄድኩበት አገር፣ ባላየሁት ፖሊስ እጅ ገባሁ ማለት ነው። ሌሊት በህልሜ አንድ ባለ ኮት ፈረንጅ በሽምብራው መሃል እየመጣ ስሜን አጣርቶ ሲጠራ አየሁ።

ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ብዬ ማጣራቱን ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት አስፋልት ዳር ወዳለው ቪዲዮ ቤት ነው። ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ጫት ይዞ ተቀምጧል። ከአጠገቡ ቁጭ አልኩና እንደ ዋዛ፣ "ለመሆኑ ለምታሳያቸው ፊልሞች ፈቃድ አለህ?" አልኩት።

"የንግድ ፈቃድ አለኝ" አለ።

"እሱን አይደለም። ከፊልሞቹ ባለቤቶች።"

ትንሽ አሰበ። "የትኞቹ ባለቤቶች? እነዚያ ቻይናዎቹ?"

"እነሱ፤ ወይም ፊልሙን ያሠሩት።"

"ሞተዋል እኮ" አለ። "ሁሉም ናቸው የሞቱት። በየቀኑ ሲሞቱ አያለሁ።"

ከዚህ ሰው የሕግ ምክር እንደማላገኝ ገብቶኝ ተነሣሁ። እሱ ግን ተከትሎኝ መጥቶ፣ "ምነው መምህር፣ ተከሰስክ እንዴ?" አለኝ። የመጣው አሳዝኜው አይመስለኝም። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ "መምህሩን አሜሪካ ከሰሰችው" ይል ጀመር። ተማሪዎቼ ከቀድሞው በበለጠ ያከብሩኝ ጀመር። አንዱ ባልደረባዬ፣ "ብቻህን ነህ ወይስ ግብረ አበር አለህ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ካርታ ላይ ዋሺንግተንን ለተማሪዎች የማሳየው ከሩቅ፣ በረጅም ዘንግ ሆነ።

ወደ ጠበቃ ሄድኩ። ቄራ አካባቢ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ክፍል ተጋርቶ የሚሠራ ጠበቃ አለ፤ የልብስ መኪናው ድምፅ ሲቆም ይናገራል፣ መኪናው ሲጀምር ዝም ይላል። ጉዳዬን ስነግረው ልብስ ሰፊውም መስፋቱን አቆመ።

"በሥራ ዘመኔ የመሬት ጉዳይ ይዣለሁ፣ የፍቺ ይዣለሁ፣ ላም የበላችውን ሽሮ ይዣለሁ" አለ ጠበቃው። "የፊልም ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።" ከመደርደሪያው ወፍራሙን ሕግ አወረደ፤ አቧራውን ሲያራግፍ ሦስታችንም አስነጠሰን። ጥቂት አገላብጦ፣ "ይኸው፤ የኛ ሕግ የደራሲን መብት ያውቃል። ነገር ግን በባዕድ ሰው ተሠርቶ መጀመሪያ በውጭ አገር የወጣን ሥራ አይጠብቅም። ስለዚህ ነፋስ ስልክ ላይ ወንጀለኛ አይደሉም" አለኝ።

"አሜሪካስ?"

"ነፋስ ስልክ ላይ ባሳዩት አሜሪካ የሚከስዎት ያለ አይመስለኝም።"

"አይመስለኝም ነው ያሉት?"

"አይመስለኝም ነው ያልኩት።"

አያችሁ፣ ለደንጋጣ ሰው "አይመስለኝም" ከ"ይመስለኛል" አይሻልም። ፊቴን አይቶ ራራልኝ መሰለኝ፣ "እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ እዚያው በአገራቸው መብቱ አብቅቶ እንደሆነ ያጣሩ" አለ። "የቅጂ መብት እንደ ሰው ዕድሜ አለው። ይወለዳል፣ ይኖራል፣ ይሞታል። የድሮ ፊልም ነው ካሉኝ ሞቶም ሊሆን ይችላል።"

"ከሞተ መርዶውን የሚነግረኝ ማን ነው?"

ይህን ጊዜ መልሱ የመጣው ከልብስ ሰፊው ነው። "ከፒያሳ በላይ የፈረንጆች ቤተ መጻሕፍት አለ አይደል? ያውቃሉ እነሱ" አለና መኪናውን ቀጠለ።

ከመሄዴ በፊት የፊልሙን ዓመት ማወቅ ነበረብኝ። ዓመቱ ከርዕሱ ሥር በደቃቅ የሮማውያን ቁጥር ተጽፏል፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዴኩን እዚያ ላይ አቆምኩት። የእኛ ዴክ ሲያቆሙት ምስሉ ይንቀጠቀጣል። እኔም እንቀጠቀጣለሁ። ሁለት የሚንቀጠቀጡ ነገሮች ፊት ለፊት ሆነው ቁጥር መነባበብ አይሆንላቸውም። ደጋግሜ ሞክሬ ያገኘሁት ዓመት ፊልሙን አጼ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ ጣለው።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ፈታሹ ኪሴን ሊዳብስ ሲመጣ ሳልጠየቅ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ነበር። ውስጥ ያለችው ኃላፊ ግን የእኛው ሰው ናት፤ ረጋ ያለች፣ በሹክሹክታ የምታወራ ሴት። የፊልሙን ርዕስና ዓመት ነገርኳት።

"በዚህ ዓመት ሲኒማ ገና አልተፈጠረም" አለችኝ በአክብሮት።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አልኳት።

አልሳቀችብኝም። ወፋፍራም የፊልም መጻሕፍት እየያዘች መጣችና አንዱን ዘግታ ሌላውን እየከፈተች ብዙ ቆየች። እኔ ጠረጴዛው ማዶ እንደ ተከሳሽ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

"ይህ ፊልም በወጣበት ዘመን የአሜሪካ ሕግ ለባለቤቱ መጀመሪያ የሚሰጠው ሃያ ስምንት ዓመት ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ ባለቤቱ አመልክቶ ማሳደስ አለበት። የእርስዎን ፊልም አላሳደሱትም።"

"አላሳደሱትም ሲባል?"

"ረስተውት ይሆናል። ኩባንያው ፈርሶም ይሆናል። ብቻ አላሳደሱትም።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እኔ የቀበሌ መታወቂያዬ ሊያልቅ ወር ሲቀረው እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ባለጸጋ፣ ሺህ ፈረስ በአንዴ የሚያስጋልብ ሆሊውድ፣ ሄዶ "አሳድሱልኝ" ማለት አቅቶት ነው እኔ እንቅልፍ ያጣሁት። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል።

"ታዲያ ያ ማስጠንቀቂያ? እስራቱስ?"

"ካሴት የሚያባዙት ሰዎች ለሁሉም ካሴት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚለጥፉት።"

"እና አሁን ፊልሙ የማን ነው?"

"የሕዝብ። የሁሉም ሰው። የእርስዎም ነው።"

ሌባ መሆኔን ላጣራ መጥቼ ባለቤት ሆኜ አረፍኩት። ደስታውም ቢሆን ደንግጬ ነው የተቀበልኩት። ለእማማ አስካለ የማሳየው ማስረጃ እንዲሆነኝ ማህተም ያለበት ወረቀት ይሰጠኝ ብዬ ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ባለቤት የለውም ብሎ የሚፈርመው ማን ነው? ለመፈረም እኮ ባለቤት መሆን ያስፈልጋል" አለች። እውነቷን ነው።

እሑድ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። ክስ ያለበትን ሰው ቤት ለማየት የመጣው ከወትሮው ይበልጣል፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ታፈሰ እንኳ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ "ተጣርቷል። ይህ ፊልም የግል ባለቤት የለውም። የሕዝብ ሀብት ሆኗል" አልኩ።

ቃሉን ስመርጥ አላሰብኩበትም።

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው፣ "ተወረሰ በለኛ" አሉ።

"አይ ጋሽ ደምሴ፣ አልተወረሰም። ሳያሳድሱት ቀርተው ነው።"

"እንደዚያ ነው የሚሉት። ለእኔም እንደዚያ ነው ያሉኝ።" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሰዎቹ ትርፍ ፊልም ነበራቸው ማለት ነው። አንዱን ለመኖሪያ ትተውላቸው ይሆን?"

እማማ አስካለም አዘኑ። "ካሣ ተሰጥቷቸዋል?" ብለው ጠየቁኝ። አሜሪካ ውስጥ አዋጅ እንዳልወጣ፣ ነገሩ እንደ ቤት እንዳልሆነ ሳስረዳ፣ ባስረዳሁ ቁጥር የቤቱ ሰው ለአሜሪካ ባለሀብቶች እየራራ ሄደ። በዚህ መሃል አቶ ታፈሰ ተነሣ። አቶ ታፈሰ ክፉ ሰው አይደለም፤ "ጓድ" ማለት ግን ገና አልለቀቀውም።

"ጓድ መምህር፣ የሕዝብ ሀብት ነው ብለዋል አይደል?"

"ብያለሁ።"

"የሕዝብ ሀብት በግለሰብ ቤት ምን ይሠራል?"

ለዚህ ግሩም መልስ አለ። የሕዝብ የሆነው መብቱ ነው፤ ካሴቱ ግን ጅዳ ያለች ልጅ ለእናቷ የላከችው የግል ዕቃ ነው፤ ቀበሌው ሌላ ቅጂ ፈልጎ የፈለገውን ያህል ማሳየት ይችላል። ጥርት ያለ መልስ ነው። የመጣልኝ ማክሰኞ ዕለት፣ ስለ ኮንጎ ወንዝ ሳስተምር ነው። ያን ዕለት ግን ካሴቱን ከዴኩ አውጥቼ፣ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ አስረከብኩት።

አቶ ታፈሰ ከመውጣቱ በፊት፣ "በሚመጣው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ለሁሉም ይታያል፤ ያለ ትርጉም፣ በትክክለኛ ድምፁ። ሕዝቡ እውነተኛውን ይይ" አለ። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሂሩት፣ "ዴኩንም በላዩ ብትጨምርለት ምናለ?" አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እናትና ልጅ በእኔ በኩል ወጥ ሲጨልፉ ጭልፋው ሳያቅማማ ቀርቶ አያውቅም።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። እኛም ሄድን፤ እማማ አስካለ ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ፊልሙ በቀበሌው ዴክ ተጀመረ። ሰዎቹ በእንግሊዝኛ አወሩ፣ አወሩ፣ አወሩ። ሰው መጀመሪያ ተቁነጠነጠ፤ ቆይቶ ግን ምስሉን በደንብ ማየት ጀመረ። እስከዚያን ቀን ለካ ማንም ፊልሙን አይቶት አያውቅም፤ ሲሰማው ነው የኖረው።

መጨረሻው ላይ ያ ሐኪም ነኝ ባይ በሆቴሉ ደረጃ ሲወርድ ከታች ይተኮስበታል። እኛ ቤት እዚህ ቦታ ሲደርስ እማማ አስካለ፣ "በር ነው የተላተመው። ደረጃው ሰም ተቀብቶ አንሸራተተው፤ ደግሞም ደክሞታል፣ ትንሽ ይተኛ" ይሉ ነበር። ቀጥሎ ሴትየዋ ብቻዋን ባቡር ውስጥ ትታያለች፤ የሰውየውን ባርኔጣ ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት እያየች አንድ ነገር ትናገራለች። ፊልሙ ያበቃል። እማማ አስካለ፣ "ቀድሟት ሄዶ ነው። ባርኔጣውን ረስቶባት፣ ልታደርስለት ነው" ይሉና ሰው ደስ ብሎት ይበተን ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ግን ጥይቱ ጮኸ። ሰውየው ወደቀ። የሚያስተኛው አልነበረም።

ከፊት የተቀመጠች ዳቦ የምትሸጥ ጎረቤታችን፣ "ሞተ እንዴ?" አለች።

"ደም ነው እኮ ሸሚዙ ላይ" አለ ሌላው።

ወሬው ከወንበር ወንበር ሄደ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ "አቶ ታፈሰ፣ ይህ ሰው አስካለ ቤት ስንት እሑድ በሰላም ኖሯል። ቀበሌ በገባ በመጀመሪያው ቀን ተገደለ። ይህ እንዴት ነው?" አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሰው ከልቡ ነው የደነገጠው፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ የወሰደችም ነበረች።

አቶ ታፈሰ ላብ በላብ ሆነ። "ጓዶች፣ እኔ አልገደልኩትም። ድሮም ሟች ነው።" ማንም አልሰማውም። ዓይኑን እያንከራተተ እኔን አገኘኝ። "መምህር፣ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ይነሡና ሴትየዋ መጨረሻ ላይ ያለችውን እውነቱን ለሕዝቡ ይንገሩልኝ።"

ተነሣሁ። አዳራሹ ሙሉ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ፤ እማማ አስካለ ብቻ አሁንም መሬቱን ያያሉ። ሴትየዋ ያለችውን አውቀዋለሁ፤ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እውነት ፍለጋ ቪዲዮ ቤት፣ ጠበቃ ቤት፣ ፈረንጅ ቤት የዞርኩ ሰው ነኝ፤ እውነት መናገር የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

"'ባርኔጣውን ረስቶብኝ ሄደ፤ ላደርስለት ነው' ነው የምትለው" አልኩ።

"ሰውየውስ?" አለች ዳቦ ሻጯ።

"ቆስሎ ነበር፤ ድኗል። ጣቢያ ላይ ይጠብቃታል።"

አዳራሹ እፎይ አለ። አቶ ታፈሰ ጠጋ ብሎ፣ "እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ።

"የጂኦግራፊ መምህር ነኝ" አልኩት። "ባቡሩ የሚሄድበትን አገር አውቀዋለሁ።"

በዚህ ላይ ሊከራከረኝ ስለማይችል አቶ ታፈሰ ተወኝ። ሰዉ ግን አልተነሣም፤ "እማማ አስካለ ከመጀመሪያው ይንገሩን" የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። እማማ አስካለ ተነሡና፣ "ካሴቱ ቤቱ ይግባ፤ እሑድ ኑ" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አቶ ታፈሰ ካሴቱን አዳራሹ በር ላይ አስረከበኝ። ነፍስ ካጠፋ ዕቃ በመገላገሉ ደስ ያለው ይመስላል። ዲቪውም በኋላ ሳይደርሰን ስለቀረ ያ መርማሪ ፖሊስ እስከ ዛሬ አላገኘኝም።

ወደ ቤት ስንሄድ ሂሩት ከጎረቤት ጋር ቀደም አለች። እኔና እማማ አስካለ የባቡር ሐዲዱን ተከትለን ቀስ እያልን ሄድን። ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ "ምንድን ነበር ያለችው?" አሉኝ።

"'አሁን ይህን ለማን ልስጠው?' ነው ያለችው" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እማማ፣ እንደሞተ ያውቁ ነበር እንዴ?" አልኩ።

"ተኩስ ሰምቼ አላውቅም መሰለህ?" አሉ። ትንሽ ሄድን። "የሂሩት አባት ሹፌር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አሰብ ብሎ ወጥቶ ቀረ። ጓደኞቹ እየመጡ 'መኪናው ተበላሽቶበት ነው፤ ይመጣል' ይሉኝ ነበር። እንደማይመጣ አውቃለሁ። እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ። ቢሆንም ሲመጡ ከድስቱ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ አወጣላቸው ነበር።"

የሂሩትን አባት ታሪክ እንዲህ ሲነግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። ካሴቱን ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

"አንተ ደግሞ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል" አሉ። "ዛሬስ ሰዉ ለቅሶ ላይ ስለነበር ነው ያላየህ። ሁለተኛ እንዳትሞክር።"

እቤት ገብተን ማዕድ ቀረበ። እማማ አስካለ ጭልፋውን ከሂሩት እጅ ተቀበሉ። ከድስቱ ወፍራሙን የሥጋ ቁራጭ ፈልገው አወጡና በእኔ በኩል አስቀመጡት። ሂሩት እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም አጠገቧ ያለውን ማንኪያ ይዛ ከመረቁ ጨመረችልኝ።